ለብየዳ የተጠጣ ወተት

ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ፣ ያሳደግሁት የልጄ ልጅ ዮፍታሔ «ወሰን ሰፈር ከጓደኞቼ ጋር ሜታል እየሠራን ነው» አለኝ። ወሰን ጋራዥ የሞላበት ሰፈር ነውና ብየዳ ጀመረልኝ ብዬ ተደሰትኩ። ወዲያው ደግሞ ስጋት ገባኝ። ዓይኑስ? ሳንባውስ? ከሰፈራችን ከኮተቤ ታክሲ በተሳፈረ ቁጥር ልቤ አብራው ትሳፈራለች። ሲመለስ የብየዳውን ጭስ እንዲያጥብለት ወተት እሰጠዋለሁ፤ ዝም ብሎ ይጠጣል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ማርቲ የምትባል ጓደኛውን አስከትሎ መጣ። በእጁ ሲዲ ይዟል።

«እማዬ፣ አልበማችን አለቀ።»

«የምን አልበም? ማን አገባ?»

ማርቲ ሳቀች። «እማማ፣ ሜታል እኮ ሙዚቃ ነው! እሱ ጊታር፣ እኔ ድራም።»

ወደ ዮፍታሔ ዞርኩ። «ወተቱስ?»

«ይጣፍጥ ነበር» አለ አቀርቅሮ።

እኛ ጸሎት ቤት የምንሄድ ሰዎች ነን፤ ዘፈን ከደጃችን አያልፍም። እሱም ያውቃል። «ሰኞ ለሚያባዛው ሰው እንሰጠዋለን» አለኝ። «ስሚውና ጥሩውንም መጥፎውንም ንገሪኝ። ተው ካልሽኝ እተወዋለሁ፤ ጊታሩንም አልነካም።»

ጌታ ሆይ፣ አንዲት ቃል ናት! አፌ ላይ አድርጌያት በረንዳው ላይ፣ ፊቴን ወደ እንጦጦ አዙሬ ተቀመጥኩ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ።

ጊታሩ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ጀመረ። ምቱ አንድ ጫማ እንደጠፋበት ሰው ያነክሳል፤ ለመድኩት ስል ይቀየራል። ከመሀል አንድ ሰው አጓራ።

«ይሄ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ኧረ ጉሮሮህ!»

በኋላ ግን ማንከሱ እሽኮኮ አድርጎ ይዞኝ ሄደ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ድንገት ሁሉም ጸጥ ብሎ አንድ ጊታር ብቻውን ቀረ። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ደመናውን እንደ ነጠላ ተከናንቦ ቁልቁል ወደ ግቢያችን ሲመጣ አየሁ፤ እኔም ከዛፎቹ መሀል የሆነ ሰው እጠብቃለሁ። ዜማዋን አወቅኋት። ልጁ ሲቆይብኝ በር ላይ ቆሜ የማንጎራጉራት፣ ቃል የሌላት የፍርሃቴ ዜማ ናት። ለካ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይሰማኝ ኖሯል!

ማዳመጫውን አወረድኩ። «ይቺ አንድ ጊታር ብቻውን የሚጫወታት ዜማስ?»

«እሷን እንኳ ከአልበሙ ልናወጣት ነው» አለች ማርቲ። «ከሌላው ጋር አትሄድም።»

«እንዳትነኳት! እሷ ከሌለች ያ ሁሉ ጩኸት ምን ፈርቶ እንደሚሮጥ ማን ያውቃል?» ወደ እሱ ዞርኩ። «ጣትህ ጎበዝ ነው፤ ይሄንን ማንም አይክድህም። ግን ጊታሩ አይተነፍስም። ድምፅህን ደግሞ ውጦታል፤ ምን እንደሚያስጮህህ አልሰማሁም። ዘፈኖቹም አለቁ ሲባል፣ ጫማውን አጥልቆ ተመልሶ እንደሚቀመጥ እንግዳ ናቸው።»

ማርቲ በሳቅ ፈረሰች። «ስነግርህ አልነበር!»

«ተው አላልሽም» አለ ዮፍታሔ በቀስታ።

«አላልኩም። ፈርቻለሁ ግን።» ተነሥቼ ወተት ቀዳሁለት።

«እማዬ፣ ብየዳ የለም እኮ!»

«ጠጣ! ያንን ያህል አጓርተህ ጉሮሮህ ሳይበየድ አይቀርም።»

ሰኞ ሲዲውን አልሰጡም፤ ድምፁን ከጊታሩ ሥር ሊያወጡ ወደ ወሰን ተመለሱ። መሸት ሲል ዮፍታሔ አልመጣም። በር ላይ ቆሜ ማንጎራጎር ጀመርኩ። ከአጥሩ ውጭ የእግር ኮቴ መጣና ቆመ። በሩን አላንኳኳም። እኔም አላቋረጥኩም።