ግማሽ ጋሪ ዝቃጭ

አካፋዋ የገንዳውን ወለል ነክታ ጮኸች። ጽዳት ሠራተኛዋ ቀና ብላ ጋሪዋን አየች። ግማሹ እንኳ አልሞላም።

በየሰኞው ሦስት ጋሪ ሙሉ ግራጫ ዝቃጭ ታወጣ ነበር። የከተማው ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ሥራ የገባች ዕለት የተነገራትን አልረሳችም፤ ከወንዙ የሚመጣው ውሃ እርሳስ የሚባል መርዛማ ብረት አለበት፣ በፓምፕ የሚጨመረው መድኃኒት ደግሞ ብረቱን አጣብቆ ከገንዳው ሥር ያስቀረዋል። እሷ የምትዝቀው እሱን ነው። ባለፈው ሰኞ አንድ ጋሪ ተኩል ወጣ። ዛሬ ይኸው። ወንዙ ያው ወንዝ ነው፤ ከላዩ ያለው ፋብሪካም አልተዘጋም። ታዲያ የቀረው ወዴት ሄደ?

ጠዋት ልጇ ደብተሯን በብብቷ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ከቧንቧው ስትጠጣ ታወሳት።

ወደ መድኃኒቱ በርሜል ሄዳ በጣቷ አንኳኳችው። ሙሉ ነው። የዛሬ ሳምንትም ሙሉ ነበር። «ተቆጣጣሪው ቆጥቦ ሊሸጠው ይሆናል» አለች በልቧ።

ሁሉም «ፕሮፌሰር» የሚለው የማሽን ተቆጣጣሪ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ መነጽሩን ይወለውላል።

«ዝቃጩ አነሰ» አለችው።

«እሰይ! ወገብሽ ያርፋላ። ሰው ሥራ ቀለለኝ ብሎ ያማርራል እንዴ?»

«መድኃኒቱ ይገባል?»

«የፓምፑ አረንጓዴ መብራት በርቶ የለ? ውሃውን እዪው፣ ኩልል ብሏል።»

«መርዙ በዓይን አይታይም ያሉኝ እርስዎ ነዎት።» ወደ በርሜሉ ጠቆመች። «በርሜሉ ለምን አይጎድልም? ለማን ነው የሚያስቀምጡት?»

የሰውዬው ፊት ተለዋወጠ። «ሌባ ነህ እያልሽኝ ነው? ነይ!»

እየተንደረደረ ሄዶ የመድኃኒቱን ቀጭን ጎማ ከገንዳው አፍ መዘዘና መዳፉን ከሥሩ ዘረጋ። ፓምፑ እንደ ወትሮው ቷ፣ ቷ ይላል። ጠበቁ፤ አንድ ጠብታ አልወጣም። ጎማውን ጨመቀው፤ ውስጡ መድኃኒቱ ነጭ ሆኖ ደርቆ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል።

ደረቅ መዳፉን፣ እርጥብ ይመስል፣ በጋዋኑ ጠረገ። አላያትም። ስልኩን አውጥቶ ወደ ቤቱ ደወለ።

«ልጆቹ… ከቧንቧው ጠጥተው ነው የወጡት?»

ከስልኩ ውስጥ የሚስቱ ሳቅ ተሰማ። «አዎ፤ ምነው፣ ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ?»

ጽዳት ሠራተኛዋ አካፋዋን ጥላ ውሃውን ወደ ከተማው ወደሚለቀው መዝጊያ ሮጠች። የብረቱን መዘውር በሁለት እጇ ይዛ ተንጠለጠለችበት። አልንቀሳቀስ አላት። ከእግሯ ሥር፣ በትልቁ ቱቦ ውስጥ፣ ውሃው ሲሄድ ይሰማታል።