ስፖንጅ የበዛበት ወንበር

ታላቅ እህቴ ዊልቸር በምንገጣጥምበት ፋብሪካ የመስመር አለቃ ነበረች። ከዘበኛው ጀምሮ ሁሉም እታለም ይላታል። ወንበሩ የሚሠራው በሰው ልክ ነው፤ አንዱ ሰፊ፣ ሌላው በአንድ እጅ ብቻ የሚነዳ። ስለዚህ የእኛም ቦታ እንደ ትእዛዙ ይለዋወጣል። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ ፊታችንን ታያለች። ከቤቱ ተኳርፎ የመጣውን "ንዴትህን እዚያ ጨርስ" ብላ ብሎን ማጥበቅ ላይ ትመድበዋለች። እኔን ግን ምንም ዓይነት ፊት ይዤ ብመጣ ማሸጊያ ላይ ነው።

"ለምን ሁልጊዜ ማሸጊያ?" ስላት፣

"አንተ ጩጬ፣ ወሬህም አብሮ ይታሸግልኝ ብዬ ነዋ!" ትለኛለች። ጸጉሬ ሸብቶ እንኳ ለእሷ ጩጬ ነበርኩ።

ኋላ በሽታ እግሯን ሲይዘው የራሷ ወንበር ትእዛዝ ወደ መስመራችን መጣ። የተመኘችው አንድ ነገር ነው፤ ማንም ሳይገፋት፣ በገዛ እጇ እየነዳች ወደ ሥራዋ መመለስ።

እኛን ደግሞ ፍቅር አቅላችንን አሳተን። በእሷ ቦታ የገባው ተተኪ አለቃ ቢመድብ ማን ሰምቶት! ቀለም ቀቢው ቦታውን ጥሎ መጣ፤ በያጁም መጣ። ሁሉም በእታለም ወንበር ላይ እጄን ካላሳረፍኩ ሞቼ እገኛለሁ አለ። የመቀመጫ ጨርቅ ሰፊዋ ስፖንጅ ደረበች። በያጁ "ጎኗ ስስ ነው፣ ጨምሪ እንጂ" አላት። እኔም ከማሸጊያው አምጥቼ ከሥር ወሸቅሁበት።

አቅፈን አስቀመጥናት። እጇን ወደ ጎማው ሰደደች፤ አልደረሰም። ጎንበስ ብላ ሞከረች፤ ጣቷ ጎማውን ነካ አድርጎ ተመለሰ። ሁላችንም መሬት መሬት አየን።

"ወንበር ነው ወይስ ዙፋን የሠራችሁልኝ?" አለችና ሳቀች። "በሉ፣ ቦታ ቦታችሁን ያዙ!"

እዚያው ዙፋኗ ላይ ሆና መደበችን። ቀቢውን ወደ ቀለሙ፣ በያጁን ወደ ብየዳው መለሰች። ሰፊዋን ብቻ አስቀረች።

"ጩጬ፣ ና፤ ስፖንጁን አንተ አውጣ።"

"እኔ?"

"ጎኔን ካንተ በላይ ማን ያውቀዋል? በአንድ አልጋ ስትረግጠኝ አይደል ያደግኸው!"

ሰፊዋ ስፌቱን ፈታች፤ እኔ እጇ ጎማውን እስኪጨብጥ አወጣሁ። ከዚያ ነዳችው። ከብየዳው እስከ ማሸጊያዬ፣ በየሰዉ ፊት እየቆመች፣ ሁሉንም እየተረበች። ተተኪው አለቃ ሊገፋት ሲጠጋ "እጅህን ሰብስብ!" አለችው። በሽታው አልጋ ላይ እስኪጥላት ድረስ እንደዚያ እየነዳች መደበችን።

ከቀብሯ በኋላ ወንበሩን በአንዲት ተማሪ ልክ ልናስተካክለው ወደ መስመሩ መለስነው። ሁሉም ሥራውን ትቶ ከበበው። ተተኪው አለቃ ቦታውን ለቆልኝ፣ አሁን መዳቢው እኔ ነኝ። ፊታቸውን አየሁ፤ እንኳን ብሎን ማጥበቂያ፣ ፋብሪካው ሙሉ የማይበቃው ኀዘን ነው።

"ቦታ ቦታችሁን ያዙ" አልኳቸው። ሄዱ። ሰፊዋን ብቻ አስቀረሁ።

እኔም ወደ ማሸጊያዬ ሄድኩ፤ እታለም ከመደበችኝ ቦታ ራሴን አላነሳሁም። ካርቶን እያጠፍኩ እሷኑ አወራታለሁ።