የመመሪያው የመጨረሻ መስመር

ጸሐፊዋ የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቷታል። ሦስት ወር ሙሉ ለድጋፍ ክፍሉ ባለሙያዎች መመሪያ ስትጽፍ ከርማለች፤ ፕሪንተር ወረቀት ሲይዝ፣ ፓስወርድ ሲጠፋ፣ ስክሪን ሲጨልም ምን እንደሚደረግ ቁልጭ አድርጋ፣ በተራ ቁጥር። አለቃው መጀመሪያውኑ ነግሯታል፦ መመሪያዎቹ ከጠቀሙ ለክፍሉ የሚደወለው ስልክ ይቀንሳል፤ ከቀነሰ ቋሚ ትሆናለች፤ ካልቀነሰ ደህና ሰንብቺ ነው። እሷ ደግሞ ምን አስቸኮላት፣ ለእናቷ «ቋሚ ሆኛለሁ» ብላ ቀድማ አውርታለች።

ስልኩ ግን በእጥፍ ጨመረ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የጥሪ ቆጣሪ ሲሮጥ ባየች ቁጥር ለእናቷ ያወራችው ትዝ ይላታል።

ቢቸግራት በአምስቱ የክፍሉ ባለሙያዎች መሃል ወንበር ስባ ተቀመጠች። አንደኛው ከደንበኛ ጋር እያወራ መመሪያዋን በጣቱ እየተከተለ ያነባል። መጨረሻው ላይ ደረሰ፦ «በዚህም ካልተስተካከለ ለድጋፍ ክፍል ይደውሉ።» ደንበኛውን «አንዴ ይጠብቁኝ» አለና ደወለ። አጠገቡ ያለችው ባልደረባው አነሳች።

«ድጋፍ ክፍል፣ ምን ልርዳዎት?»

«ፕሪንተሩ እምቢ አለ።»

«መመሪያውን አይተዋል?»

«ከላይ እስከ ታች።»

ክርን ለክርን እየተነካኩ እኮ ነው! ባልደረባውም እስከ መጨረሻው መስመር አነበበችለትና ለሦስተኛው ደወለች። ሦስተኛው ለአራተኛው፣ አራተኛው ለአምስተኛው። አምስተኛው ሁሉም መስመር ተይዞበት እየተነጫነጨ ይጠብቃል።

«ምን ነክቷችኋል?» ብላ ጮኸች ጸሐፊዋ።

«አለቃ ከመመሪያው ንቅንቅ እንዳትሉ ብለዋል፣ እህቴ» አላት አንደኛው ቅር ብሎት።

ጥፋቱስ የራሷ ነው፤ ለተቸገረው ሰው የሚጻፈውን ለረጂው ጽፋ ሰጥታ ኖሯል። አፍራ ቁጭ አለችና የሁሉንም መመሪያ የመጨረሻ መስመር ለወጠች፦ «በዚህም ካልተስተካከለ ተነስታችሁ ሄዳችሁ እዩት።»

በማግስቱ ጠዋት አምስቱም ተነስተው ወደየደንበኛው ሄዱ። ክፍሉ ጭር አለ። ስልኮቹ ይጮኻሉ፣ የሚያነሳ የለም። ቆጣሪው የሚቆጥረው ደግሞ የተነሳውን ስልክ ብቻ ስለሆነ ዜሮ ላይ ቀጥ አለ።

አለቃው የቋሚነት ደብዳቤዋን ይዞ እየበረረ ገባ።

«ዜሮ! በሃያ ዓመቴ እንዲህ ያለ አላየሁም። አንቺ ልጅ ጉድ ነሽ!»

ሊፈርም ጎንበስ ሲል ፊት ለፊቷ ያለው ስልክ ጮኸ።

«እንዳትነኪው» አላት።

ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ፣ እንደገና ጮኸ። እጇን ጭኗ ሥር ቀበረችው። እንዲህ ሳይታክት የሚደውል ሰው ምን ቢቸግረው ነው? አላስቻላትም፤ አነሳችው። ቆጣሪው አንድ አለ። አለቃው እስክሪብቶውን ከደነ።

ከወዲያ በኩል አንድ አዛውንት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ሰው ነው?»

«አዎ፣ አባባ። ምን ልርዳዎት?»

«ከምድር ቤቱ መዝገብ ክፍል ነኝ። ሁለት ወር ሙሉ ደወልኩ እኮ፣ ልጄ። መስመሩ ተይዟል ሲሉኝ፣ ተይዟል ሲሉኝ… አሁን ችግሬ ምን እንደነበር ጠፋኝ።»

«አይቸኩሉ፤ እስኪያስታውሱት እጠብቅዎታለሁ» አለቻቸው፣ አለቃው ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ሲከተው እያየች።