የካባው ውሃ

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ጉልላት ያሰረኝ ውሃ መረዝሽ ብሎ ነው። ውሃውን ያበላሸው የድንጋይ ካባው መሆኑን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እሱም አሳምሮ ያውቃል።

ከቤቴ በላይ ያለው የድንጋይ ካባ ከተወረሰ በኋላ ሥራው ቆመ፤ ውሃውን እየሳበ የሚያደርቀውንም ሞተር ቀበሌው ፈቶ ወሰደው። የተቃጠለ ዘይት የያዙት በርሜሎችና የተረፈው ድማሚት ግን እዚያው ቀሩ። ክረምት ገብቶ ካባው ሲሞላ፣ ውሃው በድንጋዩ ስንጥቅ እየሰረገ ጓሮዬ ወዳለው ጉድጓድ ወረደ። ድሮ ገመድ ቀጣጥለን የምንቀዳውን ጎንበስ ብለን መቅዳት ጀመርን። እኔ ሞኟ እልል አልኩ! ጓድ ጉልላትም በስብሰባ ላይ "አብዮቱ ውሃ አፈለቀ!" ብሎ አስጨበጨበን።

ብዙም ሳይቆይ ውሃው ዘይት ዘይት ይል ጀመር። ትንሿ ልጄ ሰርኬ ሆዷን ይዛ ስታለቅስ ታድራለች። አባቷ ዘምቷል፤ ያለኝ እሷ ብቻ ናት። ከጉድጓዱ እንዳትጠጣ ከልክዬ ከአስኮ ማዶ የምንጭ ውሃ እየተሸከምኩ ሳጠጣት ዳነችልኝ። ጉድጓዱ ይዘጋ ብዬ ቀበሌ ብሄድ ግን ጉልላት "የአብዮቱን ውሃ ታጥላያለሽ?" ብሎ አባረረኝ።

አንድ ቀን ከቀበሌው በላይ ካለው ጽሕፈት ቤት፣ ከከፍተኛው፣ እንግዶች ይዞ መጣ።

"ጓዲት ጽጌማርያም፣ እስቲ ከጉድጓዳችን ለጓዶች ቅጂላቸው።"

ቀዳሁላቸው። ለእንግዳ የቀዳ ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ አስቀድሞ ይቀምሳል፤ ወጉ ነው። እንግዶቹ ብርጭቆ ይዘው እጅ እጄን ያያሉ።

"ቅመሺላቸው እንጂ" አለ ጉልላት እየሳቀ።

"አልቀምስም።"

ስናገር ያልሰሙኝ፣ እምቢ ስል ይገባቸዋል ብዬ ነበር። እንግዶቹ ብርጭቆውን አስቀመጡ። ጉልላት ደነገጠና "መርዛው ነው!" ብሎ ጮኸ። ከዚያው ከጓሮዬ ወሰዱኝ።

በማግስቱ ሰርኬ ስንቅ ይዛልኝ መጣች። እስር ቤቱ በር ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ ስንቅ ያመጣን ሰው ሁሉ ያስቀምሳል። ቂጣውን አስቀመሳትና ጠርሙሱን ከፈተ። በፍርግርጉ በኩል አየኋት።

"ሰርኬ፣ ውሃውን ከየት ቀዳሽው?"

"ከጓሯችን፣ እማዬ። ምንጩ ድረስ ብቻዬን መሄድ ፈራሁ።"

"እንዳትቀምሺው!" ብዬ ጮህኩ።

ምነው አፌን በቆረጠው! ጠባቂው እኔንም እሷንም አየና ጠርሙሱን እጇ ላይ አስቀመጠ።

"ጠጪው" አላት። "እስክትጨርሺው ከዚህ አትንቀሳቀሺም።"

ልጄ እኔን እያየች ጠጣችው።