የሠላሳ ዓመቱ ዕቅድና የኤቭራር ዓሣ

ሻለቃ ኦርታንስ በዚያ ጠዋት ቪክቶሪያ ወደብ ወዳለው የባሕር ጥበቃ ቢሮ ስትገባ ልቧ ሙሉ ነበር። ምን ያስፈራታል! የሲሼልስን ባሕር ለሠላሳ ዓመት የሚያስጠብቀውን ዕቅድ ያረቀቀችው እሷ ናት፤ እንቅልፍ አጥታበታለች። የሩቅ አገር መርከቦች ሹልክ ብለው ገብተው ዓሣውን እያፈሱ ይወጣሉ፣ የሚያያቸው የለም። "አንድ ትልቅ የጦር መርከብ ገዝተን ወደብ ላይ ብንገትረው ለፎቶ ካልሆነ ለምን ይሆነናል?" ትላለች። እሷ የምትፈልገው አምስት ፈጣን ጀልባዎች በየዳር ደሴቱ እንዲቀመጡ ነው። ዓይናቸው ደግሞ ዓሣ አጥማጁ ይሆናል፤ ያየውን በሬዲዮ ይናገራል።

ትልቁን መርከብ የሚፈልጉት ጡረተኛው ኮሎኔል ኡልሪክ ናቸው። ዕቅዱን በሚመረምረው ኮሚቴ ውስጥ ቃላቸው ይሰማል። ክርክሩ አላልቅ ሲል "እስቲ በተግባር እንየው" ተባለ። አንዲት አሮጌ የጭነት መርከብ ሌባ ሆና ባሕር ላይ ተለቀቀች። እስከ ምሳ ካልተያዘች ዕቅዱ ወደቀ፣ ገንዘቡም ለትልቁ መርከብ ሄደ ማለት ነው።

ረፋዱ ላይ ሬዲዮው ጮኸ። ዓሣ አጥማጁ የኦርታንስ አጎት ኤቭራር ነበሩ።

"አየኋት! ሌባዋን አየኋት! ከፍሬጌት ደሴት በስተምሥራቅ ነኝ፣ አጠገቤ ነው ያለፈችው!"

ለሙከራው የተመደበችው ጠባቂ ጀልባ ተፈተለከች። ስትደርስ ባሕሩ ባዶ ነው። የመርከብ ዘር የለም።

"ሻለቃ፣" አሉ ኮሎኔሉ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው፣ "ዓይን ያልሻቸውን ሞራ ሳይጋርዳቸው አልቀረም።"

ኦርታንስ ክው አለች። ወዲያው ግን ነገሩ ገባት፤ ሲገባት በራሷ በገነች። እንዴት ይሄን ትረሳለች! ውድ ዋጋ የሚያወጣው ቀይ ዓሣ የሚገኝበትን ቦታ በሬዲዮ የሚለፈልፍ የትኛው ዓሣ አጥማጅ ነው? ያውም ጎረቤቱ ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ እየሰማ! እንኳን ለመንግሥት ለሚስቱም አይናገር። ምሥራቅ ነኝ ካለ በቃ፣ ምሥራቅ የለም።

መነጋገሪያውን አነሳች። "አጎቴ፣ እውነት የት ነዎት?"

"ምሥራቅ አልኩሽ እኮ! ምነው ጆሮሽን?"

ከየጀልባው ሳቅ ፈነዳ። "ኤቭራር፣ ትናንት ሰሜን ነኝ ብለኸኝ አልነበር እንዴ?" አለ አንዱ።

ኮሎኔሉ ካርታውን ወደ ኦርታንስ ገፉት። "ያደግሽው በአጎትሽ ጀልባ ላይ ነው። የሚያጠምዱበትን ቦታ ታውቂዋለሽ። ጣትሽን አሳርፊበትና እንገላገል።"

ታውቀዋለች እንጂ! ዓይኗን ጨፍና ታገኘዋለች። አንድ ጣት ብታሳርፍ ልፋቷ ሁሉ መና ከመቅረት ይድናል። አላሳረፈችም። ይልቅ የመነጋገሪያውን ቁልፍ በአውራ ጣቷ ተጫነች፤ ባሕር ላይ ያለው ሁሉ እንዲሰማ ፈልጋለች።

"አላደርገውም ጌታዬ። ዛሬ የአጎቴን ቦታ ብናገር ነገ አንድም ሰው ሬዲዮ አይከፍትልኝም። ይሄ ዕቅድ የሠላሳ ዓመት ነው፤ ለዛሬ ምሳ ብዬ አልሸጠውም።"

"እንግዲያው ወድቋል!"

"ምሳ ገና ነው ጌታዬ።" ፈገግ ብላ ወደ ሬዲዮው ዞረች። "አጎቴ፣ ያሉበትን ይተዉት፣ አልፈልገውም። ሌባዋ ወዴት ነው የዞረችው? አሁን በየት በኩል ታልፋለች?"

የሽማግሌው ድምፅ መጣ፣ ለስለስ ብሎ።

"አይ አንቺ ልጅ! መጀመሪያውኑ እንዲህ ብለሽ አትጠይቂም? ወደ ላ ዲግ ደሴት ነው የዞረችው። ከምሳ በፊት በደሴቲቱ ጀርባ ታልፋለች። እዚያ ይጠብቋት።"

የጠባቂዋ ጀልባ ሰዎች እዚያው ጠበቋት። በደሴቲቱ ጀርባ ብቅ ስትል አፈፍ አደረጓት። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ፤ ኦርታንስም ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተችው።

ሬዲዮው ግን ዝም አላለም። "ኦርታንስ ነሽ?" አለ የማታውቀው ድምፅ። "የፕራስላን ደሴቱ ዓሣ አጥማጅ ዜርባር ነኝ። የት ነህ ካላልሽኝ አንድ ነገር ልንገርሽ። የእናንተ ጨዋታ ይቆየንና፣ የእውነቶቹን ሌቦች ሳያቸው ከረምኩ እኮ። ትናንትም መብራታቸውን አጥፍተው ወደ ደቡብ ሄደዋል።"

"እኔም አይቻለሁ!" አለ ሌላው። "በኮኤቲቪ ደሴት በኩል ነው የሚወጡት።" ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ መጣ። ስንት ጊዜ አፍነው የያዙትን ዘረገፉት። ኦርታንስ የየመርከቦቹን መንገድ ካርታው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ታሰምራለች፤ ካርታው ቀላ።

ኮሎኔሉ ተነስተው አጠገቧ ቆሙ። ፊታቸው ጠቁሯል። "ይሄ ሁሉ ሌባ በአፍንጫችን ሥር ሲመላለስ ነበር?"

"ነበር ጌታዬ።"

ካርታውን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ዕቅዱን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ለኦርታንስ ሰጧት።

"አምስት ጀልባ ምን ሊሠራልሽ ነው?" አሉ በቁጣ። "ስምንት በይው!"