አታንሺ ያላት ስልክ

«አንሺው እንጂ! በፈጠረሽ አንሺው!»

ቧንቧ ሠራተኛው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ በሆስፒታሉ ኮሪደር ወዲያና ወዲህ ይላል። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራና ተቋረጠ። ሁለት አውሮፕላን ቀያይሮ ትቶት በመጣው ቤቱ ውስጥ ሚስቱ ይህን ጊዜ ስልኩን መዳፏ ላይ አስቀምጣ እያየችው እንደሆነ ያውቃል። ታየዋለች እንጂ አታነሳውም። እንዳታነሳ ያስጠነቀቃት ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን እሱ ራሱ ነው።

የሙያ ጓደኞቹ «ሚስኮል» ነው የሚሉት። ስሙን ያገኘው በላቡ ነው። ደንበኛ በር ላይ ሲደርስ አንዴ ደውሎ ይዘጋል፤ ይህ «መጥቻለሁ፣ ክፈቱ» ማለት ነው። ሁለቴ ከሆነ «ውኃውን ከቆጣሪው ዝጉልኝ» ማለት ነው። ደንበኞቹ አንዳንዱ ስቆ፣ አንዳንዱ ተናዶ፣ በመጨረሻ ሁሉም ተማሩለት። የሚሞላት ካርድ ሳትነካ ወር ትሻገራለች፤ በዚህም አይኮራም አይባልም።

ልጁን ለቀዶ ጥገና ይዞ ከመምጣቱ በፊት ስልክ መሸጫ ሱቅ ገብቶ ስለ ሮሚንግ፣ ስልኩ ውጭ አገር ስለሚሠራበት መንገድ፣ ጠይቆ ነበር። ሻጯ «ስትደውል ብቻ አይደለም፣ ሲደወልልህም ይቆርጥብሃል» ስትለው ጆሮውን ማመን አቃተው። ሰው ሲደውልልኝ እኔ የምከፍለው ምን በወጣኝ ብሎ እያጉረመረመ ወጣ። ቤት እንደገባም ሚስቱን አስቀምጦ መመሪያ ሰጣት።

«አንዴ ጠርቶ ከተዘጋ ደህና ነን ማለት ነው። ሁለቴ ከተደወለ ቀዶ ጥገናው በሰላም አልቋል። እንዳታነሺ! ካነሳሽ ያለችንን ካርድ ጠራርጎ ይበላታል።»

«እሺ።»

«ድንገት ችግር ከመጣ ደግሞ ሦስት...»

«አታሟርት!» ብላ አፉን በእጇ ያዘችው። ስለዚህ ለችግር ምልክት ሳያበጁለት ቀረ።

ችግሩ የመጣው ዛሬ ጠዋት፣ ልጅቷ ሰማያዊውን የሆስፒታል ልብስ ለብሳ ተንከባላዩ አልጋ ላይ ከወጣች በኋላ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የፊት ጥርሶቿ ተራርቀው ስለበቀሉ ቤተሰቡ ፍንጭት ይላታል። የግራ ዳሌዋ አጥንት ከቦታው ሸሽቶ ስታነክስ ነው ያደገችው። የማደንዘዣ ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ መጣ፤ አስተርጓሚዋ ከጎኑ ቆማ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ታቀብለዋለች።

«መድኃኒት ያልተስማማት ጊዜ አለ?»

የለም ሊል አፉን ከከፈተ በኋላ ትዝ አለው። ፍንጭት ሁለት ዓመቷ ሳለ አንድ መርፌ ተወግታ ፊቷ እንደ ሊጥ ተነፍቶ ትንፋሿ ሊቆም ደርሶ ነበር። እሱ ያኔ ሌላ ከተማ የቧንቧ መስመር ሲዘረጋ ነበር። ሲመለስ ነገሩት፤ ተመስገን አለ። የመርፌውን ስም አልጠየቀም።

አስተርጓሚዋ ነገሩን ስታስረዳ ሐኪሙ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ።

«ምን እንደነበር ሳላውቅ መርፌ አላስነካትም እያለ ነው» አለችው። «እስከ አራት ሰዓት ስሙን ካመጣህ ትገባለች። ካላመጣህ ተራው ለሌላ ይሰጣል።»

«ከዚያስ?»

«ቀጣዩ ቀጠሮ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው።»

ማረፊያቸው የሚያልቀው በስምንት ቀን፣ የመመለሻ ትኬታቸው በዘጠነኛው ቀን ነው። የአገር ቤቱ ሐኪም ደግሞ ዘንድሮ ካለፈ አጥንቱ አይቃናም ብሎታል። ሰዓቱን አየ፤ ሦስት ተኩል ሆኗል።

ለሚስቱ የደወለው ያኔ ነበር። አላነሳችም። እንደገና ደወለ። ሁለተኛው ጥሪ ከተቋረጠ በኋላ ነው ምን እንዳደረገ የገባው። ሁለቴ! ሁለቴ ደወለ ማለት አለቀ ማለት ነው። እሷ ይህን ጊዜ በደስታ እየዘለለች ይሆናል።

«መልእክት ላክላት» አለችው አስተርጓሚዋ።

ላከ። ግን ሚስቱ መልእክት አትከፍትም፤ የሚገባላት ሁሉ የሎተሪ ማስታወቂያ ነው። በኢንተርኔት እንዳይደውል ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው፤ ዘመናዊውን «ካርድ መጨረስ ያስለምድሻል» ብሎ የከለከላት እሱ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ደወለ፣ አራተኛ ጊዜ ደወለ።

ለጓደኛው ለብየዳ ሠራተኛው ደወለ። ቤታቸው አንድ መንደር ነው፤ ሮጦ ሊነግራት ይችላል። ስልኩ ሁለቴ ጠርቶ ተዘጋበት። ወዲያው የእሱ ስልክ አንዴ ብቻ ጮኸና ጸጥ አለ። ጓደኛው በሚስኮል ሰላምታ መለሰለት! ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ ይፈርስ ነበር። አሁን ግን ቆሽቱ አረረ። ሰው ሁሉ ስልኩን እንዳያነሳለት ስንት ዓመት ሙሉ ሲያስተምር እንደኖረ ገና ዛሬ ታየው፤ አፈረም፣ ፈራም።

አንድ ያላስተማራት ሰው ቀርታለች፤ አማቱ። አማት ላይ ሚስኮል አይደረግም፣ ነውር ነው። ደውሎ ማውራት ደግሞ ካርድ ይፈጃል። ስለዚህ ሴትየዋ ከቤታቸው ጀርባ እየኖሩ በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ደውሎላቸው አያውቅም። እሳቸውም ይህን አይተው እንዳላዩ አላለፉትም፤ «የአማቼ ድምፅ በወርቅ ነው የሚሸጠው» እያሉ ለሰው ያሙታል። ቁጥራቸውን ነካ። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ሆኗል፤ ስምንት ደቂቃ ቀርቶታል።

ገና አንዴ ሳይጠራ ተነሳ።

«ሃሎ! ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«እኔ ማን?»

«የፍንጭት አባት።»

ወዲያ ማዶ ትንፋሽ ሲቆረጥ ተሰማው።

«ልጅቷ ምን ሆነች? ተናገር! አንተ ከደወልክማ ደህና አይደለም!»

«ደህና ናት፣ እማማ። ገና አልገባችም...»

«እንዴት አልገባችም? እናቷ አልቋል ብላ ግቢውን በእልልታ ስታቀልጠው!»

«አላለቀም። እማማ፣ ይስሙኝ። ሕፃን ሆና ፊቷን ያሳበጣት መርፌ ስሙ ምን ነበር?»

«ፔኒሲሊን።»

እንዲህ በፍጥነት ይመልሳሉ ብሎ አልጠበቀም።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እኔ አይደለሁም እንዴ አዝያት የሮጥኩት? ሐኪሙ ‹ይህን ስም እንዳይረሱ› አለኝ። ፔኒሲሊን። በየቀኑ ነው የምለው። አንተ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ስሙን ለአስተርጓሚዋ ነገራት፣ እሷ ለሐኪሙ ነገረች፣ ሐኪሙ ጻፈና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ነርሷ የአልጋውን ፍሬን ለቀቀች።

«አባዬ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለች ፍንጭት ከአልጋው ላይ።

«ከአያትሽ ጋር።»

«አነሱት?» ዓይኗ ፈጠጠ። «ካርዱስ?»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገላትና አልጋውን እየተከተለ ሄደ። አያትየው ምን እንዳሏት አልሰማም፤ ልጅቷ ግን ያ የተራራቀ ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች። የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ጋ ሲደርሱ ነርሷ ስልኩን ወስዳ መለሰችለት። በሩ ተዘጋ።

ስልኩን ወደ ጆሮው ሲመልሰው ሌላ ድምፅ ነበር፤ እየሮጠች ወደ እናቷ የመጣችው ሚስቱ።

«ሁለቴ ደወልክ... አልቋል ብዬ... ለሰው ሁሉ ነገርኩኮ...»

«አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን ገና ገባች።»

ሚስቱ ልትመልስለት ሞከረችና ለቅሶ ቀደማት። ቃል አልነበረውም፤ ዝም ብሎ ለቅሶ ነው። እንዲህ ስታለቅስ ሰምቷት አያውቅም፤ ምናልባት እሱ ከዘጋ በኋላ ታለቅስ ይሆናል። ትንሽ ቆይታ አፍንጫዋን ሳበች።

«በቃ ዝጋው» አለችው። «ምንም ሳላወራ ዝም ብሎ እየቆጠረብህ ነው። ሲያልቅ ሁለቴ ደውል፣ አላነሳም።»

የተዘጋውን በር አየ። ቀዶ ጥገናው ሦስት ሰዓት ይፈጃል ብለውታል። ለክፉ ቀን ብሎ የሞላት ካርድ ግማሽ ሰዓት እንኳ እንደማታደርስ ያውቃል።

«አትዝጊው» አላት። «እኔም ፈርቻለሁ።»

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮው አዛወረና ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ።