ከአንሶላው ጀርባ

ጣሊያኖች በመቱ ከተማ ገበያ ላይ ነጭ አንሶላ ወጥረው ሲኒማ ሊያሳዩን ጠሩን። "ሥልጣኔ እዩና ተማሩ!" አለን አስተርጓሚው። ከፊት ያለው ወንበር ለነጮች ብቻ ነበር። እኛን ከአንሶላው ጀርባ መሬት ላይ አጎሩን፤ ባላባቱንም፣ የጨርቅ ነጋዴዋን እኔን ዘህራንም፣ ሸክላ ሠሪዋን ሻሽቱንም። ከሸክላ ሠሪ ጋር መብላት ነውር ነው ተብሎ ሻሽቱን ቤቴ አስገብቻት አላውቅም፤ ምግብ የምሰጣት ደጅ ላይ፣ በቅጠል ነበር። ያን ምሽት ግን ጉልበቷ ጉልበቴን ነካ። ብሸሽ ወዴት?

ሲኒማው ጀመረ። ፊቱን ጥላሸት የተቀባ ሰውዬ ጥሬ ሥጋ በጥርሱ እየቦጨቀ ያጓራል። እኛ መሆናችን ነው እንግዲህ! ደሜ ፈላ። ቀጥሎ የሠለጠነው መኮንን ለምግብ ተቀመጠ። ከጀርባ ሲታይ ቀኙ ግራ ይሆናል ለካ፤ መኮንኑ ማንኪያውን በግራ እጁ ጨብጦ ይጎርሳል!

"ኧረ እትዬ ዘህራ፣ በግራቸው ነው እንዴ የሚበሉት?" አለች ሻሽቱ ጮክ ብላ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። እኔም እንዳልወድቅ ትከሻዋን ያዝኩ። የጣሊያኑ ሹም ተቆጥቶ ሲጠይቅ አስተርጓሚው "ሥልጣኔው አስደስቷቸው ነው" አለው።

በማግስቱ ሻሽቱ ማሰሮ ይዛ እንደ ልማዷ ከደጅ ቆመች።

"ግቢ!" ብዬ ጮህኩባት። "ትናንት ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠን የለ!"

ገንፎ በአንድ ገበታ ለሁለታችን አቀረብኩ። እጇን ታጠበችና ቀስ ብላ ግራ እጇን ወደ ገንፎው ዘረጋች።

ክው አልኩ።

"ሠለጠንኩ እኮ፣ እትዬ!" አለችኝ።